ዓሣውን ለውሃው ወይስ ውሃውን ለዓሣው?

በዚህች የትምህርት ክፍላችን መጽሔት ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ፕሬስ ነጻነት፣ ስለ ፍቅርና ስለ ካፌ ምግብ ነው። እኔ ዛሬ ይዤ የመጣሁት ስለ ዓሣ ነው። ያውም ስለሚበላ ዓሣ ሳይሆን ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ ተቀምጦ ስለሚታይ የባሕር ዓሣ። «አንተ ልጅ የሸዋሮቢት ሰው አይደለህ እንዴ? ባሕር የት አየህና?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ አላየሁም። የኛ የይፋት ውሃ ራሱ ባሕር አያይም። ሮቢ ወንዝ ወደ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም ጅቡቲ ድንበር ላይ ያለው አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ እዚያው ጨው ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ነገሩ እንዴት መጣ? የአክስቴ ልጅ ጅዳ አምስት ዓመት ሠርቶ ተመለሰና ሸዋሮቢት ላይ ጁስ ቤት ሊከፍት ቆርጧል። ጅዳ ሳለ በየሆቴሉና በየገበያ አዳራሹ ያያቸው የባሕር አኳሪየሞች ልቡን ወስደውታል። «ከአዲስ አበባ ደሴ የሚሄደው መንገደኛ ሁሉ ለማየት ይወርዳል» ይላል። ሐሳቡን አልጠላሁበትም። ያሳሰበኝ የመረጣቸው ዓሦች ናቸው። ብርቱካናማውን ባለ ነጭ መቀነት ክላውን ፊሽ፣ ሰማያዊውን ብሉ ታንግ፣ በተጨማሪም ላየን ፊሽ። እነዚህን ሁሉ በስልሳ ሊትር ገንዳ! ገንዘቡ ደግሞ የአምስት ዓመት ላብ ነው።

እንደ እኔ አመለካከት ችግሩ የእሱ ብቻ አይደለም። አብዛኞቻችን ስንመርጥ የምናየው መልኩን ነው። መጀመሪያ የምንወደውን ዓሣ እንመርጥና ከዚያ በኋላ ውሃውን ለዓሣው ለማስማማት እንሟሟታለን። መሆን ያለበት ግን ተቃራኒው ነው፤ ያለህን ውሃ፣ ያለህን ሙቀት፣ ያለህን መብራት እየው፣ ከዚያ ለእሱ የሚሆን ዓሣ ፈልግ። ይህን እኮ ገበሬዎቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ገብስን ሸዋሮቢት፣ ማሽላን መንዝ ወስዶ የሚዘራ ገበሬ ማን አለ? የመንዝን በግ ከነጸጉሩ ቀወት ቆላ አውርዶ «ለምን አለከለከ?» የሚልስ?

ትንሽ ገንዳ ለምን ይከብዳል?

ብዙ ሰው ትንሽ ገንዳ ለጀማሪ ይቀላል ብሎ ያስባል። በጨው ውሃ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እስቲ በሒሳብ እንየው። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው (ቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል)። በ60 ሊትር ገንዳ ውስጥ 2 ኪሎ ከ100 ግራም ጨው አለ ማለት ነው። ከገንዳው 6 ሊትር ውሃ ቢተን ጨው አብሮ አይተንምና የቀረው 54 ሊትር በሊትር ወደ 39 ግራም ይደርሳል። ይኸው 6 ሊትር ከ600 ሊትር ገንዳ ቢተን ግን ጨው ከ35 ወደ 35 ተኩል እንኳ አይሞላም። ሸዋሮቢት ላይ ደግሞ ውሃ ሲተን ማየት ብርቅ አይደለም! ስለዚህ የተነነውን በየቀኑ መተካት ያስፈልጋል፤ መተካትም ያለበት ጨው በሌለው ውሃ ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። አብዛኞቹ የኮራል ሪፍ ዓሦች የሚስማማቸው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ውሃ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ የአየሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ ትንሽ ገንዳም የክፍሉን ሙቀት ቶሎ ይቀበላል። ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው፣ ጨዋማ ውሃ ደግሞ ጨው ከሌለው ያነሰ ይይዛል። ሁለቱ ሲደመሩ ዓሣው በሁለት በኩል ይታፈናል። በዚህ ላይ መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋው ፓምፕ ይቆማል። መብራት ጠፍቶ ሦስት አራት ሰዓት መቆየቱ ለእኛ ሻማ ማብራት ነው፤ በተጨናነቀ ትንሽ ገንዳ ላለ ዓሣ ግን የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ቆሻሻው ነው። ከዓሣው ኩስና ከተረፈ ምግቡ አሞኒያ ይወጣል። ይህን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ጉዳቱ ወዳነሰ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱ ተራብተው ሥራ እስኪጀምሩ ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ገንዳው ዛሬ ተሞልቶ ነገ ዓሣ አይገባበትም። አሞኒያ ደግሞ በሞቃት ውሃና እንደ ባሕር ውሃ አልካላይ በሆነ ውሃ ውስጥ መርዝነቱ ይብሳል። ማለትም ቆላ ላይ የሚሠራ ስሕተት ደጋ ላይ ከሚሠራው ቶሎ ይገድላል።

የአክስቴ ልጅ «ጨዉስ ምን ችግር አለ? የአፍዴራ ጨው ደጃችን አይደል?» ብሎኛል። ጨው ሁሉ አንድ አይደለም። የወጥ ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። በባሕር ውሃ ውስጥ ግን ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሰልፌትም በልካቸው አሉ። ስለዚህ ለባሕር አኳሪየም ተብሎ የተቀመመ ጨው ያስፈልጋል፤ እሱም ከውጭ የሚመጣ፣ በዶላር የሚገዛ ነው።

መልክ ወይስ ጠባይ?

አሁን ወደ ዓሦቹ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 «ፋይንዲንግ ኒሞ» የሚለው ፊልም ከወጣ ወዲህ ክላውን ፊሽን የማያውቅ ልጅ የለም። እንደ እውነቱ ከሆነ ለጀማሪ ከሚመከሩት የባሕር ዓሦች አንዱ እሱው ነው። ከ8 እስከ 11 ሴንቲ ሜትር ቢያድግ ነው፣ ሩቅ አይዋኝም፣ የሚሰጡትን ይበላል፣ በሰው እጅም ይራባል። ሙቀቱ ከተጠበቀለት ጥንዶቹን መቶ ሊትር ገደማ በሆነ ገንዳ ማኖር ይቻላል።

ብሉ ታንግ ግን ሌላ ነው። ሱቅ ውስጥ ሲታይ የጣት ያህል ነው፤ ሲያድግ ግን 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ቀኑን ሙሉ ሲዋኝ የሚውል ዓሣም ነው። በስልሳ ሊትር ውስጥ ማስቀመጥ ግመልን ጓዳ ውስጥ እንደማሰር ነው። ሳይንቲስቶች በሰው እጅ ሊያራቡት የቻሉት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ላየን ፊሹ እሾሁ መርዛማ ከመሆኑ በላይ አፉ የሚችለውን ዓሣ ሁሉ ይውጣል። ክላውን ፊሹን ከእሱ ጋር ማኖር ለእራት ማቅረብ ነው። ማንዳሪን የሚባለው ባለ ብዙ ቀለም ዓሣም አለ፤ መልኩ ልብ ይሰርቃል፤ ነገር ግን የሚበላው ድንጋይ ላይ የሚርመሰመሱ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ ነፍሳትን ስለሆነ ትንሽ ገንዳ ውስጥ በረሃብ ይሞታል። ዳምሰል የሚባሉት ደግሞ ጠንካራ ናቸው፣ ርካሽ ናቸው፤ ግን ጠበኞች ስለሆኑ ጠባብ ቦታ ላይ ጎረቤት አያስቀምጡም።

እንግዲህ ጋዜጠኛ ዜና ከመጻፉ በፊት ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት ብሎ እንደሚጠይቅ ተምረናል። ዓሣ ገዢም እንደዚያው ቢጠይቅ ምን ይጎዳዋል? ሲያድግ ስንት ይሆናል? ምን ይበላል? ከማን ጋር ይስማማል? ስንት ዲግሪ ይችላል? ከየት መጣ፣ በሰው እጅ ተራብቶ ነው ወይስ ከባሕር ተይዞ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ ዓሦችን ለማደንዘዝ ሳያናይድ ኮራል ላይ ሲረጭ ኖሯል። ቆንጆው ዓሣ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ስንት የባሕር ሕይወት እንደጠፋ መጠየቅ አለብን።

የቆላው ዓሣ

ታዲያ ለሸዋሮቢት የሚሆን የጨው ውሃ ዓሣ የለም ማለት ነው? አለ እንጂ! ያውም ጎረቤታችን ነው። አፋኒየስ ዲስፓር ይባላል። በቀይ ባሕር ዳርቻና በደናክል ቆላ የሚገኝ፣ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚያድግ ትንሽ ዓሣ ነው። ጨው በሌለውም፣ ከባሕር በበለጠ ጨዋማ በሆነም ውሃ ይኖራል፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀትም አይበግረውም። ክላውን ፊሽ በጭንቅ የሚያልፈው ግንቦት ለእሱ ተራ ወር ነው። መልኩ እንደ ኒሞ አያፈዝም፤ ብርማ ነው፣ ሴቷ ጎኗ ላይ ቁልቁል የወረዱ ቀጫጭን መስመሮች አሏት። ቀርቦ ላየው ግን ውበት አለው።

ሥራም አለው። አሰብ በኢትዮጵያ ሥር ሳለች ይህ ዓሣ በከተማዋ የውሃ ጉድጓዶችና ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ተጨምሮ የወባ ትንኝ እጮችን እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ጥናት ተገልጿል። የእኛ አካባቢ ወባ የሚያውቀው አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሀር ላይ የተገኘችውና ከዚያ ወዲህ በሌሎች ከተሞችም የታየችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ደግሞ በየቤቱ በርሜልና ታንከር ውስጥ የምትራባ ትንኝ ናት። እንግዲህ ይህንን ዓሣ «ጌጥ ብቻ» ብሎ ማለፍ ይቻላል?

እርግጥ ሄዶ ከምንጩ መጨለፍ መልስ አይሆንም። በተለይ አፍዴራ ሐይቅ ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ሁለት ትናንሽ ዓሦች አሉ። አንደኛው ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ ነው። ሁለተኛው የአፋኒየስ ዘመድ ሲሆን በአገራችን ምሁር በአበበ ጌታሁንና በአንድ አሜሪካዊ ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ለሳይንስ የተዋወቀ ነው። እነዚህን ለጁስ ቤት ጌጥ ብሎ መያዝ ነውር ነው። እኔ የምለው ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከልና ዩኒቨርሲቲዎቻችን በሰፊው የሚገኘውን የቆላ ዓሣ በገንዳ አራብተው ለሕዝብ ቢያቀርቡ ነው። የቆሮሶ ጫጩት ለገበሬ ከታደለ የጌጥ ዓሣ ለሱቅ ባለቤት የማይቀርብበት ምክንያት አይታየኝም።

እስከዚያው ምን ይደረግ? ሞሊ አለ። በጌጥ ዓሣ ንግድ የተለመደ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሙቀት ይችላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ቀስ በቀስ ከተለማመደ በሙሉ የባሕር ውሃ መኖር መቻሉን ነው። ጨው መቀመሙን፣ ውሃ መለካቱን በሞሊ ተምሮ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል። ይህን ስነግረው የአክስቴ ልጅ ሳቀና «ከጅዳ መጥቼ ሞሊ?» አለኝ። እኔም መለስኩለት፦ «በሕይወት ያለ ሞሊ ከሞተ ኒሞ አይሻልም?»

አንድ ማስጠንቀቂያ

የሚችል ዓሣ ስንመርጥ አንድ ነገር መርሳት የለብንም። ክላውን ፊሽ ሮቢ ወንዝ ውስጥ ቢጣል ይሞታል እንጂ ወንዙን አይወርስም። ሞሊና አፋኒየስ ግን ጨው በሌለው ውሃም ይኖራሉ፣ ይራባሉም። ስለዚህ ዓሣው ጠንካራ በሆነ መጠን የባለቤቱ ኃላፊነት ይከብዳል። ላየን ፊሽ በአትላንቲክ በኩል ፍሎሪዳ ላይ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ከአኳሪየም እንደተለቀቀ ይታመናል። ዛሬ ካሪቢያንን ሞልቶታል። ሩቅ አገር ምን አስኬደን? ፕሮሶፒስ ወደ አፋር ሲገባ ለጥላና በረሃን ለመከላከል ተብሎ ነበር፤ ዛሬ የግጦሹን መሬት ማን ወረሰው? እንቦጭስ በአበባው ያምር የለ? «ሰለቸኝ» ተብሎ ወንዝ ውስጥ የሚደፋ አንድ ገንዳ ለአዋሽ ዓሦች ምን ይዞ እንደሚሄድ ማንም ዋስ አይሆንም። የገዛ ሰው እስከ መጨረሻው ይያዝ፣ ካልቻለም ለሚይዝ ይስጥ እንጂ ወደ ወንዝ አይድፋ።

በመጨረሻ «በዚህ ጊዜ ስለ አኳሪየም ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ?» ለሚለኝ መልስ አለኝ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል አይተናል፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋሮቢት ገብቷል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሰው ሱቁን እንደገና ሲከፍት፣ ግድግዳውን ሲቀባ፣ የሚያምር ነገር ደጁ ላይ ሲያኖር እኔ ቅንጦት ነው አልልም። ተስፋ ነው እላለሁ። ተስፋው ግን በሁለተኛው ሳምንት ሆዱን ገልብጦ ከውሃው በላይ እንዳይንሳፈፍ ምርጫው በእውቀት ይሁን።

እኛ ነገ ማይክራፎንና ብዕር የምንይዝ ልጆች ነን። ባንክና ፖለቲካ ብቻ ዜና አይደለም። የአገራችንን ትናንሽ ዓሦች ስም የማያውቅ ሕዝብ፣ የጠፉ ዕለት መጥፋታቸውንም አያውቅም። አንድ የሸዋሮቢት ልጅ ኒሞን ከነስሙ ጠርቶ አፋኒየስን ካላወቀ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን ያልነገርነው የኛ ነው። እስቲ እንንገረው።

ቸር ይግጠመን!