ዋስትናው ሳያልቅ መኪናችን ትመርመር!



ከዚህ ሰሌዳ ሥር ቆማችሁ ስለ መኪናችን የምትከራከሩትን ሰምተናል። ግማሹ «አርጅታለች፣ ትሸጥ» ይላል። ግማሹ «ሾፌሩ ነው» ይላል። ሻጩ ደግሞ በስልክ «መንገዳችሁ ነው የሰበራት» እያለ ቀን ይቆጥራል። የሦስት ወሩ ዋስትና ሊያልቅ የቀረው ሃያ ቀን ነው። እኛ የምንለው፣ ሳይመረመር አይፈረድ ነው።

መንገዱ ሰበራት ላሉት መልስ አለን። ይቺ በአራቱም ጎማ የምትጎትት ላንድክሩዘር ያገለገለች ብትሆንም የተገዛችው ለአስፋልት አይደለም። ምጥ የያዛትን ወደ አንኮበርና ወደ ደብረ ብርሃን እንድታወጣ ነው፤ ይህም ለሻጩ ገና ሲሸጥ ተነግሮታል። ለዳገት የተሸጠች መኪና ዳገት ወጣች ተብላ ትወቀሳለች ወይ? አገራችን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሲራራ ነጋዴ የሚያራግፍባት ገበያ ነበረች። በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርስዋን ያያል፣ ኮቴዋን ያነሣል፣ ዳገት ያስወጣታል። መኪናም እንዲሁ ነው።

የሻጩ መካኒክ መጥቶ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነዳት የፍሪሲዮን ሸራ ለወጠ። ድምፁ ግን እንዳለ ነው። አሁን ደግሞ «ካምቢዮው ይውረድ፣ ወጪው በእናንተ» ይላል። ኧረ ለመሆኑ ምን አይቶ ነው? ዕቃ መለዋወጥ ምርመራ አይደለም። ለራስ ምታቱም ለስብራቱም ዳማ ከሴ እንደሚጨምቅ ሰው መሆን ነው።

ምርመራ ተራ አለው፤ ይኸውም፦

አንደኛ፣ ጎማ። አራቱ ጎማዎች በቁጥርም በመበላትም እኩል ካልሆኑ፣ የፊቱ ሲገባ የውስጥ ጥርሶቹ እርስ በርስ ይታገላሉ። እንደኛዋ የፊቱ በዱላ የሚገባባት መኪና የፊትና የኋላውን የሚያስማማ የመሐል ዲፈረንሻል የላትም። ስለዚህ በደረቅ አስፋልት ላይ የፊቱን አስገብቶ ቢነዷት መሪው ይከብዳል፣ ዱላው አልወጣም ይላል። ይህ የአነዳድ ጉዳይ እንጂ ብልሽት አይደለም፤ ሲለመድ ግን ብልሽት ያመጣል።

ሁለተኛ፣ ዘይት። ከካምቢዮውም ከሁለቱም ዲፈረንሻል ጥቂት ይቀዳ። ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። የብረት ፍቅፋቂ ከበዛበት ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተበላ ነው።

ሦስተኛ፣ ድምፁ መቼ ይመጣል? ስትነሣና ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ስትለወጥ «ቋ» ካለች ብዙ ጊዜ ክሮቼራ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ አፏጭታ ሲለቀቅ ድምፅዋ ከተለወጠ ዲፈረንሻሉ ይታይ። ስትታጠፍ ከተንቀጫቀጨች የፊት አክስል መገጣጠሚያ ይጠረጠራል። ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ እሷ ካልተራመደች ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው።

የኛዋ «ቋ» የምትለው ስትነሣ ነው፤ ዳገቱን ግን ትወጣለች። ታዲያ የፍሪሲዮን ሸራ ምን በደለ? ክሮቼራው ከመኪናዋ ሥር በእጅ ተወዝውዞ በጥቂት ደቂቃ የሚታይ ነገር ነው። ይህ ሳይታይ ካምቢዮ አውርዱ ማለት የማኅበርተኛን መዋጮ መበተን ነው። ክሮቼራው ከሆነና ዳገት መሐል ከተቆረጠ ደግሞ ምጥ የያዛት እናት መንገድ ላይ ትቀራለች።

«ትሸጥ» ለምትሉ ወገኖች፦ ለማን? ጉድለትዋን ደብቀን ለሌላ ድኻ ማኅበር? ያማ የምንከሰውን ሻጭ መሆን ነው።

ሕጉም ከኛ ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ጉድለት ያገኘ ገዢ ሳይዘገይ ለሻጩ ያስታውቅ ይላል። ሻጭ ጉድለቱን አውቆ ከደበቀ «ኃላፊነት የለብኝም» ብሎ በውል ያስገባው ቃል አያድነውም። በስልክ የተባለውን ማስረዳት ግን ያስቸግራል፤ ወረቀት ይሻላል።

ስለዚህ፦ ሾፌራችን ድምፁ የመጣበትን ቀን፣ ቦታና ማርሽ በደብተር ይጻፍ። ማንም መንደርተኛ መካኒክ ነኝ ብሎ አንዲት ብሎን እንዳይፈታ፤ «እናንተ ነካካችሁት» የሚል ምክንያት አንስጥ። ደብዳቤው ከነዝርዝሩ በዚህ ሳምንት ለሻጩ ይድረስ፣ የደረሰበት ፊርማ ይያዝ። መካኒኩም መጥቶ ከኛ ሰው ጋር አንኮበር ዳገት ላይ ይንዳት።

ያን ጊዜ ጥፋቱ የሾፌሩ ከሆነ ሾፌሩን እንገሥጻለን። የሻጩ ከሆነ ሻጩ ይክፈል። ሃያ ቀን ብዙ አይደለም!

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
አሊዩ አምባ