እንጀራ፣ ቅቤና የጉበት ሕማም

እንጀራን ትቶ ቅቤና ሥጋ የሚያዘወትር ሰው ስብ ያደረበት ጉበቱ ይፈወስለታል የሚለው የዘመኑ ምክር፣ በጎጃም የሚገኘው የባሶ ሊበን ወረዳ ርእሰ ከተማ በሆነችው በይጁቤና በአካባቢዋ ለሚኖረው ወገናችን ሳይመረመር እንዳይደርሰው እመኛለሁ።

ምክሩ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ጉበት ከመጠን ያለፈውን ስኳርና ስታርች ወደ ስብ ለውጦ ስለሚያከማች፣ ጣፋጭ መጠጥና ነጭ ዳቦ ቀንሶ ከክብደቱ ከመቶ 7 እስከ 10 እጅ ያጎደለ ሕሙም የጉበቱ ስብ እንደሚቀልለት ሊቃውንተ ሕክምና አረጋግጠዋል። ነገር ግን በእህሉ ፈንታ የሚተካው ስብ ምን ዓይነት ነው? የፊንላንድ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለ3 ሳምንት ትርፍ ምግብ ከበሉት 38 ሰዎች መካከል ቅቤን የመሰለ የረጋ ስብ የበዛላቸው የጉበታቸው ስብ በ55 በመቶ ሲያድግ፣ ስኳር የበዛላቸው በ33፣ የወይራ ዘይትን የመሰለ ፈሳሽ ስብ የበዛላቸው ግን በ15 በመቶ ብቻ አድጓል።

ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የሚውለው ገበሬ የበላውን እንጀራ ድካሙ ያቃጥለዋል፤ ሥጋት ያለበት ተቀምጦ የሚውለው ነው። ለእርሱም ቢሆን፣ ቅቤ በሚከለከልባቸው በዓመት ከ180 በሚበልጡ የአጽዋም ዕለታት የሚጸና ሥርዓተ ምግብ፣ እንጀራውን አሳንሶ ምስሩንና ጎመኑን በጥቂት የኑግ ዘይት አዘጋጅቶ መመገብ ይመስለኛል፤ ጎጃም የኑግ አገር ነውና። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ግን እህልን በድንገት ቢያቋርጥ የደሙ ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።