መጀመሪያ ይገመት

እኛ አቃቂ ቃሊቲ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ተገኘ ከተባለ ቀድሞ የሚነሳው ሐሳብ የታወቀ ነው፤ ኮምፒውተር ይገዛ! ሐሳቡን የሚቃወም የለም፤ እኔም አልቃወምም። ግን «የሒሳብ አስተማሪው ምን ያደርግበታል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ቢጠየቅም መልሱ «ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው» ይሆንና ወደ ሻዩ ይኬዳል።

የኔ አቋም ይኸው፤ ግራፍ የሚስል ሶፍትዌር ለሒሳብ ክፍል ትልቅ ጉልበት ነው። ጉልበት የሚሆነው ግን ተማሪው ስክሪኑን ከማየቱ በፊት ግምቱን ደብተሩ ላይ ካሰፈረ ብቻ ነው። ያለዚያ ትርኢት ነው፤ ትርኢት ደግሞ ከዚህ በፊት አይተናል።

በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሲገባ የክፍለ ጊዜው ባለቤት ቴሌቪዥኑ ሆነ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣ ነበር። አስተማሪው መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠው ነበር፤ መሀሉ የስክሪኑ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግራፎቹ ያምሩ ነበር፤ በጠመኔ እንደዚያ የሚስል የለም። ችግሩ ሌላ ነበር። የስክሪኑ መምህር ጥያቄ ያቀርባል፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፣ ከዚያ መልሱን ነግሮ «ጎበዞች!» ይልና ይቀጥላል። ክፍሉ ሙሉ ተማሪ ትንፍሽ ሳይል ተመሰገነ ማለት ነው። ያልገባው ተማሪ «ቆይ እስቲ» የሚልበት ቦታ የለም። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ትምህርቱ ማንንም ሳይጠብቅ በሰማይ ያልፋል። አስተማሪውም በገዛ ክፍሉ ከተማሪዎቹ ጋር ተመልካች ሆኖ ይቆማል።

ዛሬ እጃችን ላይ ያለው መሣሪያ ጠባዩ ሌላ ነው። ጂኦጂብራ የሚባለውን ግራፍ የሚስል ሶፍትዌር ማርከስ ሆሄንዋርተር የተባለ ኦስትሪያዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 በሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ሥራው አድርጎ ነው የጀመረው። ለአስተማሪና ለተማሪ በነፃ ነው፤ አንዴ ላፕቶፕ ወይም ስልክ ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እንደ እሱ ግራፍ የሚስለው ዴስሞስም በነፃ ይገኛል። ከነፃነታቸው በላይ የምወድላቸው መቆም መቻላቸውን ነው። አስተማሪው እስኪነካቸው ይጠብቃሉ፤ ወደ ኋላ ሲባሉ ይመለሳሉ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ርዕሱ ኳድራቲክ ፈንክሽን ነው እንበል። ሰሌዳው ላይ «ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ቢ ኤክስ ሲደመር 1» ተጽፏል፤ ቢ በስላይደር የሚቀያየር ቁጥር ነው፣ አሁን ዜሮ ላይ ቆሟል። አስተማሪዋ ላፕቶፑን ሳትነካ ትጠይቃለች፤ «ቢን ወደ 4 ብወስደው ፓራቦላው ምን ይሆናል?» አንዱ «ወደ ቀኝ ይሄዳል» ይላል። ሌላው «ይጠባል» ይላል። ከኋላ ወንበር «ወደ ላይ ይወጣል» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሁሉም ግምቱን ይጽፋል፤ የጻፈውን መሰረዝ ክልክል ነው። ከዚያ ስላይደሩ ይንቀሳቀሳል። ፓራቦላው ወደ ግራ ይሄዳል፣ እየሄደም ወደ ታች ይወርዳል፤ ቅርጹ ግን እንዳለ ነው፣ አልጠበበም አልሰፋም። ቢ ወደ ኔጌቲቭ ሲዞር ደግሞ በቀኝ በኩል ያንኑ ያደርጋል። ቨርቴክሱ፣ ማለትም የፓራቦላው ጫፍ፣ በሄደበት ምልክት እንዲተው ከታዘዘ፣ ምልክቱ ራሱ የተገለበጠ ፓራቦላ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ክፍሉ «እንዴ!» የሚለው እዚህ ላይ ነው። አስተማሪዋ ፕሮጀክተሩን ማጥፋት ያለባትም እዚሁ ላይ ነው። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በጠመኔ ነው፤ ኮምፕሊቲንግ ዘ ስኩዌር የሚሉትን ሠርተው ቨርቴክሱ ኔጌቲቭ ቢ ሲካፈል ለ2 ላይ እንደሚውል ራሳቸው ያገኙታል። ያን ስሌት ሌላ ጊዜ ለፈተና ሲሉ ይሸመድዱት ነበር። ዛሬ ግን የተሳሳተ ግምታቸው ስላናደዳቸው ምክንያቱን ይፈልጉታል።

ምሳሌ ፍለጋም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ መነሻው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ሾፌር ሲገባ ካርድ ይወስዳል፣ ሲወጣ ይከፍላል። እስቲ በዚህ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር በ40 ደቂቃ የሄደ ሾፌር እናስብ። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። «እኔ አንድም ጊዜ 120 አልነካሁም» ቢል እናምነዋለን? ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይከራከሩ፤ የሾፌር ልጅ ካለ ክርክሩ ይሞቃል። ከዚያ የርቀትና የሰዓት ግራፍ ይሳል፣ መነሻና መድረሻውን የሚያገናኝ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመር። ኩርባውን የሚነካ ታንጀንት በነጥብ እየተጎተተ ሲሄድ ከዚያ መስመር ጋር ትይዩ የሚሆንበት ቦታ የግድ ይገኛል። እዚያ ቅጽበት ላይ ፍጥነቱ ልክ 120 ነበር። ሚን ቫልዩ ቲዎረም የሚባለው ይኸው ነው፤ ልጆቹ በየቀኑ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ተቀምጧል።

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል። ሶፍትዌሩም ሲይዙት የሚያደናግርበት ቦታ አለው። «ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 1፣ ሲካፈል ለኤክስ ሲቀነስ 1» የሚለውን ብታስገቡለት ቀጥ ያለ መስመር ይስልላችኋል። ኤክስ 1 ሲሆን ግን ፈንክሽኑ ዋጋ የለውም፤ መስመሩ እዚያ ነጥብ ላይ ቀዳዳ አለው። አንዲት ነጥብ ብቻ ስለጎደለች ዓይን አያያትም። ቀዳዳውን የሚያውቀው ለዜሮ ማካፈል እንደማይቻል የሚያውቅ ልጅ ነው። ስለዚህ በእጅ መሳል ይቅር የሚለኝ ሰው ካለ አልስማማም። ጥቂት ነጥቦችን አስልቶ በስኩዌር ወረቀት ላይ ያልሳለ ተማሪ ስክሪኑ ሲያታልለው አያውቅም።

«ፈተና ላይ ካልኩሌተር እንኳ አይገባም፤ ታዲያ ምን ይጠቅማል?» የሚሉ አስተማሪዎች አሉ፤ ልክ ናቸው፣ አይገባም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ናቸው። ይህን ቁጥር ሶፍትዌር ብቻውን ይቀይረዋል የሚል ሰው ቢመጣ አልሰማውም። ግን የፓራቦላውን መውረድ ገምቶ፣ ተሳስቶ፣ ምክንያቱን ያገኘ ልጅ ፈተናው ላይ ስክሪን አያስፈልገውም፤ ግራፉ ጭንቅላቱ ውስጥ አለ።

ስለዚህ ለሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር የሞላበት፣ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ የሚውል ላብራቶሪ አልጠይቅም። አንድ ላፕቶፕ፣ ከክፍል ክፍል የሚዞር አንድ ፕሮጀክተርና ሶፍትዌሩ የተጫነበት የአስተማሪ ስልክ ለመጀመር ይበቃሉ። መብራት ቢጠፋ ልጆቹ ግምታቸውን ጽፈው ይቆያሉ፤ ስላይደሩ ለነገ ይደርሳል። ከባዱ ዝግጅት ጥያቄው ነው። የሒሳብ ዲፓርትመንቱ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ተማሪ ተሳስቶ የሚገምትበትን አንድ ጥሩ ጥያቄ አውጥቶ ይጻፍ፤ ክፍል ውስጥ ይሞከር፤ የሠራው ይቀመጥ፣ ያልሠራው ይጣል። ጉድኝት ማዕከሉ ላይ ለጎረቤት ትምህርት ቤቶች ይካፈል። ለዚህ የዕቃ ግዢ ጨረታ አይወጣም። የሚያስፈልገው አስተማሪዎቹ በሳምንት አንዴ አብረው የሚቀመጡበት ሰዓት ነው፤ ያንን ሰዓት ፕሮግራሙ ላይ ማስገባት የርዕሰ መምህሩ ሥራ ነው። ወላጆች ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት አጥብቀን መጠየቅ ያለብንም እሱን ነው።