ከእናት ቡና ባሻገር፦ የማንኪራ ጉብኝትና የደኑ ወፎች

በካፋ ዞን የምትገኘው ማንኪራ የአረቢካ ቡና መገኛ ተብላ ትታወቃለች። ከቦንጋ ተነሥቶ ወደ ስፍራው የሚያቀና ጎብኚ ዓላማው በአብዛኛው «እናት ቡና» የሚባለውን ዛፍ ማየት ነው። ዛፉን አይቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይመለሳል። ቡናውን ያኖረው ደን ግን የጉብኝቱ አጃቢ ሆኖ ይቀራል። የወፍ ምልከታ ይህን ጉድለት ሊሞላ ይችላል፤ ሆኖም ምን እንደሚቆጠር አስቀድሞ መወሰን ያሻል።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ደን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቧል። የዚህ አሠራር መሠረቱ ደኑን በቀጣና መክፈል ነው፤ እምብርቱ በጥብቅ ይጠበቃል፣ በመከለያው ደግሞ ነዋሪው ደኑን ሳይጎዳ ቡና ይለቅማል፣ ቀፎ ይሰቅላል። አስቸጋሪው ጥያቄ የሚነሣው ከዚሁ መከለያ ላይ ነው። የቡና ምርት እንዲጨምር ሲባል ሥረ ደኑ ይመነጠራል፣ ጥላው ይሳሳል፤ ከሩቅ ሲታይ ግን ደኑ ደን እንደ መሰለ ይቆያል።

ቢዩችሊና ባልደረቦቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት ይህን ያስረዳል። በጥላ ሥር ቡና ማሳዎች የተመዘገቡት የወፍ ዝርያዎች በተፈጥሮ ደን ከተመዘገቡት ከእጥፍ በላይ ነበሩ። ይሁን እንጂ ከደን ውጭ መኖር የሚከብዳቸውና በሥረ ደን የሚመገቡት ወፎች በብዛት የተገኙት በተፈጥሮ ደኑ ውስጥ ነው። እንግዲህ ባየው ዝርያ ብዛት ብቻ የሚደሰት ጎብኚ ሳያውቀው የሳሳውን ደን ያወድሳል ማለት ነው። የዝርያ ዝርዝር መርዘም የደን ጤንነት ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ የማንኪራ አስጎብኚዎች ሊያሳዩ የሚገባቸው በዛፍ አናት የሚታዩትን ባለ ደማቅ ቀለም ወፎች ብቻ አይደለም። በጨለማው ሥረ ደን ቅጠል እየገለጡ የሚለቅሙትን ዓይን አፋር ወፎች በቋሚ መንገዶች ላይ በየወሩ ቢቆጥሩና ቢመዘግቡ፣ ጉብኝቱ ራሱ የደኑ መከታተያ ይሆናል። ለዚህ ሥራ የሚመረጡት ሰዎች ማንነትም ክብደት አለው። የማንጆ ማኅበረሰብ ለዘመናት በአደንና በደን ውጤቶች ሲተዳደር የኖረ፣ በዚያው ልክ በማኅበራዊ ኑሮ የተገለለ ነው። የወፉን ድምፅና ዱካ የሚያውቅ ሰው እያለ አስጎብኚነቱ ከከተማ ለመጡ ወጣቶች ብቻ ቢሰጥ፣ ጥበቃው አሮጌውን መገለል በአዲስ ስም ይቀጥላል።

የወፍ ተመልካች ቁጥሩ ጥቂት፣ ገቢውም ወቅታዊ ነው፤ የቡናን ገቢ ይተካል ብሎ ተስፋ መስጠት አይገባም። ሊደረግ የሚችለው ከጉብኝት ክፍያው የተወሰነው ድርሻ ሥረ ደኑን ሳይመነጥር ለሚያቆይ የአካባቢ የደን ተጠቃሚ ማኅበር በግልጽ ደንብ እንዲደርስ ማድረግ ነው። እናት ቡና ያለ ጥላዋ ብትቀር ለጎብኚው የሚታይ ዛፍ ይኖር ይሆናል፤ ለካፋ ግን ደን አይኖረውም።