የሁለት ሰው ጆሮ

ባለፈው መንፈቅ ዓመት «ሰፈሬ» በሚል ርዕስ የአምስት ደቂቃ የሬዲዮ ዘገባ ሠርተን እንድናቀርብ ታዘዝን። ቆሼ ተወልጄ ቆሼ ስላደግሁ ከክፍላችን ልጆች ሁሉ የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፤ በስልኬ ቀዳሁት፤ ከሥሩ ዋሽንት አስገባሁበት። ከዚያ ለጓደኛዬ አሰማኋት። እሷ ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። ከሰፈራችን የቆሻሻ ክምር የተለቀመ ሃይላንድ በኪሎ በሚረከብ መጋዘን ውስጥ ስትመዝንና ስትለይ ትውላለች። ክዳኑን ከጠርሙሱ እየነጠለች እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አዳመጠችና «ማን ሞተ?» አለችኝ።

ማንም አልሞተም። የጻፍኩት ስለ አንድ ተራ ማክሰኞ ጠዋት ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ሚዲያ የምንማር ልጆች ስለ ፈጠራ ሲወራ ወዲያው የምናነሣው ጊዜን ነው። ትምህርት አለ፣ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ የቤት ጣጣ አለ፣ ጓደኛ አለ፤ ታዲያ መቼ ይፈጠራል? የሚሰጠን ምክርም አንድ ዓይነት ነው፦ ጓደኛ ቀንሱ፣ ቡና ላይ አትቆዩ፣ በር ዝጉ፣ ሰዓታችሁን ከፋፍሉ። ይህ ምክር ከሥሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ። ጓደኛ የሥራው መሣሪያ ናት። የዕለት ኑሮም ሥራው የሚቀዳበት ቋት ነው። ሁለቱን ቆርጦ ጊዜ ያተረፈ ተማሪ፣ ባተረፈው ጊዜ የሚሠራው እኔ በዋሽንት ያጀብኩትን ዓይነት ነገር ነው።

ዋሽንቱ ከየት መጣ? ይህን ለመመለስ ከሰፈሩ ልጀምር። ቆሼ ስሙን ያገኘው ከቆሻሻው ነው፤ ቦታው ረጲ ይባላል። ከሃምሳ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ጥራጊ ሲከመርበት ኖሯል። ዙሪያውን የሰፈረው ሰው ግን ሁሉም ቆሻሻውን ተከትሎ የመጣ አይደለም። ዘነበወርቅ ሆስፒታል፣ በኋላም አለርት፣ የሥጋ ደዌ ሕክምና ስለሚሰጥ ከየክፍለ ሀገሩ ለመታከም የመጣ ብዙ ሰው፣ ከዳነ በኋላም ወደ ትውልድ ቀዬው መመለስ አልሆነለትም፤ የቀዬው ሰው ፈርቶ አይቀበለውምና። እዚያው አካባቢ ጎጆ ቀለሰ፣ ተጋባ፣ ወለደ። አያቴ ከነዚህ አንዷ ነበረች። ሌላው የሸሻቸው ሰዎች ተጠጋግተው ያቆሙት ሰፈር ነው ማለት ነው። ስለ ቆሼ ሲወራ ይህ ታሪክ እምብዛም አይነሣም።

የሚነሣው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተናደና ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ከነሰዎቻቸው ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቁፋሮውን፣ ድንኳኑን፣ ካሜራዎቹን አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ የመጣው ጋዜጠኛ ለቅሶ ቀርጾ ሄደ ብዬ አልወቅስም፤ የነበረው ለቅሶ ነው። የሚቆጨኝ ድንኳኑ ሲነሣ የዘገባው ቅኝት አለመለወጡ ነው። ከሩቅ የተነሣ ክምር፣ አሞራ፣ የሕፃን ፊት፣ ዋሽንት። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጨው ጣቢያ ሲመረቅ ደግሞ ቅኝቱ ባንዴ ወደ ደስታ ተገለበጠ። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ ያቃጥላል ተባለ። በዚያ 1,400 ቶን ውስጥ እንጀራው ያለ ሰውስ? ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማሁት ከጓደኛዬ ነው፤ የጠየቀችኝም ሃይላንድ እየለየች ነው።

እኔም በዚያ ቅኝት ተገርቼ አድጌ ነበር። የገዛ ሰፈሬን ማክሰኞ የጻፍኩት በእንግዳ ጆሮ ነው። በር ዘግቼ አንድ ወር ብቀመጥ ይህን ጉድለት አላገኘውም፤ የተጣመመው ራሱ ጆሮዬ ስለነበር በምን ላስተካክለው?

ዘገባውን እንደገና ስንሠራው የመራችኝ ጓደኛዬ ናት። መኪና ሲመጣ ጀርባዋን እንደሰጠች ከምን ዓይነት ሰፈር እንደመጣ ትናገራለች፤ የሆቴል ጭነትና የመንደር ጭነት ሲራገፉ ድምፃቸው አንድ አይደለም። ክዳኑ ያልወለቀ ሃይላንድ ሲረገጥና ክዳን የሌለው ሲረገጥም እንዲሁ። በዋጋ የሚከራከሩትን፣ ማዳበሪያ ተሸክመው ስለ አርሴናል የሚጣሉትን ሁለት ልጆች፣ ቡና ይዛ የምትዞረዋን ሴትዮ ሁሉንም ቀዳን። ከሁሉ የወደድኩት የሚዛኑን ነው። ማዳበሪያው ጢም ብሎ ሲሞላ ለአንድ ሰው አይነሣም። ሚዛኑ አጣና ላይ ይንጠለጠላል፤ አጣናውን ሁለት ሰው በትከሻው ይይዛል፤ ሦስተኛው ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ያነባል። «የሕይወት ሚዛን» ሲባል አሁን በዓይኔ የሚመጣው ይህ ነው። በሚሰጠን ምክር ውስጥ ግን ሚዛኑን የሚይዘው ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻውን ነው።

የኔን ቀን ልናገር። እናቴ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንነሣለን። አሰሳዋ የኔ ናት፣ ማውጣቱም የኔ ነው። አንዱ እስኪበስል ሁለት ሦስት ደቂቃ አለ፤ ከጻፍኩት አብዛኛውን የጻፍኩት በዚያች መሃል ነው። ለሬዲዮ የሚጻፍ ዓረፍተ ነገር አጭር ይሁን ይሉናል መምህሮቻችን። እኔን ያስተማረኝ ምጣዱ ነው፤ አክንባሎው ሥር እንፋሎቱ ሲፈላ ዓረፍተ ነገሩ ማለቅ አለበት። ፈተና ሲደርስ ጓደኛዬ በሌሊት መጥታ ምጣዱን ትይዝልኛለች። ወር ሲያልቅ ደግሞ እኔ ማታ ማታ የመጋዘኑን ሒሳብ እሠራላታለሁ። በሰዓት ሠሌዳዬ ላይ «ጓደኛ» ብዬ ልሰርዛት የምችለው ሰዓት የትኛው ነው?

ይህ የእኛ የድሆቹ ብልሃት ብቻ እንዳይመስል በዓሉ ግርማን ላንሣ። ጋዜጠኛ ነበር፣ አዘጋጅ ነበር፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ነበር፤ ልብ ወለዶቹን የጻፈው ይህን ሁሉ ሥራ ተሸክሞ ነው። በ1972 ዓ.ም. የወጣው «ደራሲው» ውስጥ ያለው ገጸ ባሕርይ ሲራክ የተቀረጸው ከወዳጁ ከስብሐት ገብረእግዚአብሔር እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። በዓሉ ወዳጁን ከጊዜው ቆጥቦ ቢሆን ኖሮ ያ መጽሐፍ የለም። በ1975 ዓ.ም. የወጣው «ኦሮማይ» ደግሞ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት ለሥራ አስመራ ተልኮ በቅርብ ካየው የተቀዳ ነው፤ የቢሮ ሥራው ከልብ ወለዱ ጊዜ እየሰረቀ እዚያው ልብ ወለዱን ይመግበው ነበር። ለዚያ መጽሐፍ የከፈለው ዋጋ የታወቀ ነው። መጽሐፉ ታገደ፣ እሱ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ሌላው ምሳሌ ለሰፈራችን ይበልጥ ይቀርባል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ሰው የጣለውን ቁልፍ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኮምፒዩተር ሆድ ዕቃ ከመርካቶ እየገዛ፣ እየጠለፈና እየደረደረ የሚሠራቸው ሰፋፊ ሥራዎች የዓለም ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። አንዱን ተከታታይ ሥራውን «ታይትሮፕ» ብሎ ሰይሞታል፤ ሰው ሚዛኑን ጠብቆ የሚራመድበት ውጥር ገመድ ማለት ነው። ኤልያስን ግን ያለ መስከረም አሰግድ ማንሣት ይከብዳል። የሥነ ሰብእ ባለሙያና የጥበብ ዐውደ ርእይ አዘጋጅ ናት። ሁለቱ ለብዙ ዓመታት አብረው ሠርተው መካኒሳ ላይ ዞማ ሙዚየምን በጭቃና በጭድ አቆሙ፤ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። እዚያ ሄጄ ግድግዳውን በእጄ ዳስሻለሁ። የሽቦ ጥቅልን እንደ ዕቃ የሚያይ ዓይን አንድ ነገር ነው፤ ያንን ዓይን አምኖ ዓመታት ከጎኑ የሚቆም ሰው ደግሞ ሌላ። ቆሼም የተጣለ ዕቃ ሞልቷል፣ የሚያይ ዓይንም ሞልቷል። ጎድሎ ያየሁት አብሮ የሚቆመው ነው።

ድካምን እያመሰገንኩ አይደለም። መብራት ሲጠፋ በማገዶ የጋገረች ልጅ ክፍል ገብታ ትተኛለች፤ እኔም ተኝቻለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የማትነሣ ልጅ ከኔ በላይ ታነባለች፤ ይህ ልዩነት በጓደኝነት አይካካስም፣ መካካስም የለበትም። ጊዜ የሚያባክን ጓደኛ የለም አልልም፤ አለ። የኔ ክርክር በዚህ ሁሉ ላይ ጓደኛን ቀንሱ የሚለው ምክር ካለን ጥቂት ሀብት ዋናውን ጣሉ ማለቱ ነው።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከብደኛል። የዘገባው ማርክ የኔ ነው። ጆሮው የሷ ነው፣ ድምፁ የሰፈሩ ነው፣ ዲግሪው ግን ለኔ ይሰጣል። መጨረሻ ላይ «አዘጋጆች» ብዬ የሁለታችንንም ስም በድምፄ አነበብኩ። የሷን ስም ስትሰማ ስልኩን ነጥቃኝ ሦስት ጊዜ መልሳ አዳመጠችው፤ ይህ በቂ ነው ብዬ ራሴን ማሳመን አልቻልኩም። የሠራችውን በስሟ የሚቆጥርላት ቦታ እስካሁን አላገኘሁላትም፤ መፈለጌን አልተውኩም።

ልናስረክብ አንድ ቀን ሲቀረን ሁለታችን የመጋዘኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን አንድ አንድ ጆሮ ማዳመጫ ተካፍለን ሙሉውን ሰማነው። መሃሉ ላይ አንድ ልጅ ይናገራል። ከገጠር እንዴት እንደመጣ፣ የመጀመሪያ ቀን ሽታው እንዴት ምግብ እንዳስጠላው፣ አሁን በየወሩ ለቤቱ ስንት እንደሚልክ። አርባ ሰከንድ ይሆናል። ከሥራው ሁሉ የተሻለው ክፍል እሱ ነበር፤ መምህሬ እሱን ሲሰማ ምን እንደሚል ሁሉ አስቤ ነበር። ልጁም ቅጂው ሬዲዮ ላይ ቢወጣ ግድ የለኝም ብሎን ነበር።

ጓደኛዬ ጆሮ ማዳመጫውን አወጣች። «ይሄን አውጪው» አለችኝ። «ፈቅዷል እኮ» አልኳት። «ፈቅዷል። እናቱ ግን ሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራ ነው የሚመስላት። ድምፁን ታውቀዋለች።»

አወጣሁት። በቦታው የሚዛኑን ድምፅ አስገባን።