የእናቲቱን ዘር ሳንመዘግብ መንጋ አናዘዋውር

የአገራችን ንብ አናቢ በቀፎው ውስጥ እንቁላል የምትጥለውን ንብ «አውራ» ይላታል። ስሙ የወንድ ይሁን እንጂ የቀፎው ሁሉ እናት እርስዋ ናት። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣውም ከእርስዋ ብቻ የሚወረሰውን የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ነው።

ማይቶኮንድሪያ በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚመነጭበት አካል ሲሆን ከኒውክሊየሱ የተለየ የራሱ ዲ.ኤን.ኤ. አለው። ሙሉ ቅደም ተከተሉ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው የማር ንብ ማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. 16,343 ያህል የቤዝ ጥንዶች አሉት። ንግሥቲቱ ከብዙ ድንጉላዎች ጋር ስለምትገናኝ ሠራተኞቹ በአባት ይለያያሉ፤ በማይቶኮንድሪያ ግን አንድ ናቸው። ስለዚህ ከአንድ ቀፎ አንዲት ሠራተኛ ንብ ትበቃለች። ከአንድ ቀፎ ሃምሳ ንብ ወስዶ «ሃምሳ ናሙና መረመርሁ» የሚል ተማሪ የመረመረው አንዲት እናት ብቻ ነው።

በአካል ልኬት የኢትዮጵያን ንቦች የመደቡ ተመራማሪዎች እስካሁን አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ሦስት ንዑሳን ዝርያዎች ሲቈጥር የ2004ቱ አምስት አለ፤ በ2011 ደግሞ የአገሪቱን ንቦች «ሲሜንሲስ» በሚል አንድ አዲስ ስም የጠቀለለ ጥናት ወጣ። በማይቶኮንድሪያ ረገድ ከኢትዮጵያ በተወሰዱ ንቦች ላይ «ዋይ» የተባለ የተለየ የእናት ሐረግ መገኘቱ በ2001 ተገልጿል። በእኛ እምነት ግን ከቈጠራው ክርክር ይልቅ የሚያስቸኩል ጉዳይ አለ።

ድንጉላ እየበረረ የኒውክሊየሱን ዘር ከጎረቤት ጎረቤት ያዳርሳል። የእናት ምልክት ግን ከቦታው የሚንቀሳቀሰው መንጋ ሲፈልስ ወይም ሰው ተሸክሞ ሲወስደው ነው። ይህ ምን ያህል ሊገልጥ እንደሚችል በአሜሪካ አህጉር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1956 ከአፍሪካ ወደ ብራዚል የተወሰዱ ንቦች በማግሥቱ ዓመት አምልጠው ተራቡ፤ በ1990 ቴክሳስ ደረሱ። ብዙዎች መስፋፋቱን የድንጉላዎች ሥራ አድርገው ገምተውት ነበር። በ1989 የወጡ የማይቶኮንድሪያ ጥናቶች ግን በዱር የሚኖሩት መንጋዎች ከሞላ ጎደል የአፍሪካ እናት ልጆች መሆናቸውን አሳዩ፤ ወደፊት የገፉት ራሳቸው መንጋዎቹ ነበሩ ማለት ነው። ይሁንና በኒውክሊየሳቸው የአውሮፓ ንብ ዘር በከፊል ቀርቷል። የእናት ምስክርነት ብቻውን ንዑስ ዝርያን ለመወሰን አይበቃም የምንለውም ስለዚህ ነው።

በሰሜን ኢትዮጵያ የንብ መንጋ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል፤ ቀፎውም ከተገዛበት ርቆ ይሄዳል። «አናቢው የሚሻው ማር እንጂ የዘር ሐረግ አይደለም» የሚሉን ይኖራሉ። እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ከደጋ ተገዝቶ ቆላ የገባ መንጋ ቀፎውን ጥሎ ቢኮበልል የሚከስረው ያው አናቢ ነው። መንጋዎቹ አንዴ ከተደበላለቁ በኋላ ደግሞ የትኛዋ እናት የየት አገር እንደነበረች ለይቶ ማወቅ ያዳግታል።

ስለሆነም መንጋን ከአውራጃ አውራጃ የማከፋፈል ሥራ ምዝገባው እስኪጠናቀቅ ቢዘገይ እንመርጣለን። ለናሙና መሰብሰቢያው ውድ መሣሪያ አያሻም፤ አልኮልና ትንሽ ጠርሙስ ይበቃል። ከየቀፎው አንዲት ሠራተኛ ንብ፣ የቦታው ስምና ከፍታ፣ እንዲሁም የባለቤቱ መልስ መንጋው ከዛፍ የተያዘ ነው ወይስ ከገበያ የተገዛ ለሚለው ጥያቄ።