አበባ ከእሸት ይቀድማል

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሲደርስ መንገደኛው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል፤ ከባሕር ጠለል በላይም ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ብሏል። ከዚያ ወዲያ ወልቀፊት፥ ከወልቀፊትም ቀጥሎ የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። በሐምሌና በነሐሴ ይህ አገር ጉም ለብሶ ስለሚሰነብት ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ በመልኩ ሳይሆን በድምፁ ነው። መስከረም ሲጠባ ግን አንድ ቀን ጧት ጉሙ እንደ መጋረጃ ይገለጣል። ሴቶች እርጥበት የበላውን ጋቢና ቁርበት አውጥተው በአጥር ላይ ያሰጡታል፤ ሽማግሌዎች ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው በየደጃፉ ይቀመጣሉ፤ ዳገቱም በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ጧት ዋጋው ስንት ነው? በገበያ አይሸጥም፤ በሚዛንም አይመዘንም። ብዙዎቻችን ከቁም ነገር ሳንቈጥረው የሚያልፈን ስለዚህ ይመስለናል። ደስታ ሲባል ሠርግን፥ ሹመትን ወይም አዲስ ቤትን እናስባለን፤ ይህ እስኪመጣም ፊታችንን አጥቍረን እንጠብቃለን። በመጠበቅ ላይ ሳለን ግን ዓመቱ ያልፋል።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ወራት መፀው ይሉታል፤ ጸደይ የሚሉት ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ነው። ገበሬው ደግሞ ክረምቱ የወጣበትን ሰሞን ጥቢ ይለዋል። የአውሮፓ ሰው አበባን የሚጠብቀው በረዶው ሲሟሟ፥ በመጋቢትና በሚያዝያ ሲሆን ለእኛ የሚመጣው ከዝናቡ በኋላ፥ ከአዲሱ ዓመት ጋራ ነው። የስሙን ነገር ለሊቃውንት እንተወውና ዛሬ ልናወራ የምንወድደው በዚህ ሰሞን ስለሚገኘው ትንሽ ደስታ ነው።

የደጋ ገበሬ ጠንቅቆ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። አበባው የሚፈካው ጎተራው ሞልቶ ሳለ አይደለም። ያለፈው ዓመት እህል ለዘርና ለክረምት ቀለብ ወጥቷል፤ አዲሱ ገብስ፥ ባቄላና አተር ገና በማሳው ላይ አረንጓዴ ነው። እናት ከጎታው ሥር የቀረውን ጠርጋ የምታወጣበት ሰሞን ነው። አበባ ከእሸት፥ እሸትም ከአዝመራ ይቀድማል። ልጆቹ አበባ ይዘው የሚሮጡት እንግዲህ ቤቱ ስለ ጠገበ አይደለም።

በብዙ የአማራ ገጠሮች ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ እንግጫ ነቅለው ከአደይ አበባ ጋራ ይጐነጕናሉ፤ ጉንጉኑንም በአባትና በእናት ራስ ላይ ያኖራሉ፤ ከቤቱ ምሰሶም ላይ ያስራሉ። ይህን ልማድ እንደ ጨዋታ ብቻ የሚያየው ሰው ተሳስቷል። ክረምቱን ሙሉ ጎርፍና ጭቃ ሲታገል የከረመ አባት፥ ፊቱ የተኮሳተረ፥ እጁ የሻከረ፥ ልጁ አበባ በራሱ ላይ ስታደርግለት ሳይወድ በግድ ፈገግ ይላል። ምሰሶውም ክረምቱን ቤቱን ተሸክሞ ስለ ከረመ የድርሻውን ያገኛል። ሙሉ ወጪው የአንዲት ልጅ የግማሽ ቀን ድካም ነው።

ሌላም አለ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲቃረብ ልጅቱ አዲሱን ደብተሯን በአሮጌ ጋዜጣ ስትለብድ፥ ፊደል ያልቈጠረ አባቷ አጠገቧ ቁጭ ብሎ የወረቀቱን ጫፍ ይይዝላታል። እረኛው የመጀመሪያውን የባቄላ እሸት በኪሱ ይዞ መጥቶ ለታናሽ እኅቱ ይሰጣታል። ከወፍጮ የተመለሰችን አሮጊት አንድ ጎበዝ ደርሶ «እማማ፥ እኔ ልያዘው» ብሎ ሸክሟን ይቀበላታል። ጎረቤት «ቡና ደርሷል» ብላ ስትጣራ የክረምቱ ኩርፊያ ከመጀመሪያው ስኒ ጋራ ይቀራል። እነዚህ ሁሉ ለጋዜጣ ወሬ አይበቁም ይባል ይሆናል፤ ሰው የሚኖረው ግን በእነዚሁ ነው።

«ለተራበ ሰው አበባ ምን ይጠቅመዋል?» የሚለን አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። አበባ እንጀራ አይሆንም፤ ዘርና ማዳበሪያ በጊዜው ማድረስ፥ መንገድን መጠገን፥ ከሁሉም በላይ ሰላምን መጠበቅ የሚገባቸው ሰዎች በአበባ አመካኝተው ከሥራቸው ሊሸሹ አይችሉም። ይሁን እንጂ ሰው ሆዱ ብቻ አይደለም፤ ልቡም ይራባል።

የዳባት አገር ሕዝብ ይህን በመከራ ተምሮታል። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ማብቂያ ላይ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ዘልቆ በጭና ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ። የ2014 ዓ.ም. መስከረም አንድ ቀን የጠባው ከዚያ በኋላ በሳምንት ያህል ነው። ለእንዲህ ያለ ኀዘን አበባ መድኃኒት ነው ብንል ሐሰት ይሆንብናል። ኀዘንተኛን በግድ ደስ ይበልህ ማለትም ጭካኔ ነው። ነገር ግን በአገራችን ልማድ ጎረቤት ለኀዘንተኛ እዝን ይዞ ይሄዳል፤ አጠገቡ ይቀመጣል፤ አልበላም ሲል በእጁ ያጐርሰዋል። ያች ጉርሻ የሞተውን አትመልስም። በሕይወት ያለው ግን ብቻውን እንዳልቀረ ትነግረዋለች። የደስታ ቀን ርኅራኄና የኀዘን ቀን ርኅራኄ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ በደስታው ቀን ያልለመደው እጅ በኀዘኑ ቀን አይዘረጋም።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብም በ2017 ወጥቷል። ዋልያውንና ጭላዳውን፥ ጅብራውንና ገደሉን ለማየት የሩቅ አገር ሰው ባሕር ተሻግሮ፥ ገንዘቡን ከፍሎ ይመጣል። እኛ ግን በደጃችን ያለውን ለማየት ቀና ማለት ይታክተናል። እንግዳው የሚደነቀው ዓይኑ ከእኛ ዓይን ስለሚበልጥ አይደለም፤ ለማየት ብሎ ስለ መጣ ነው።

እንግዲህ ምክራችን አጭር ነው። በየቀኑ አንዲት ነገር ለማየት ብለን እንውጣ። ያየነውንም ለብቻችን አናስቀረው፤ ለቤተ ሰብ እንንገረው፤ ትንሽ ደስታ ሲነግሩት ያድጋልና። ደግ ነገር ያደረገልንንም ሰው፥ ልጅም ቢሆን፥ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለትን አንርሳ።

አደይ አበባ ብዙ አይቈይም፤ ጥቅምት ሲያልፍ ዳገቱ ይደርቃል። በበሩ ላይ አበባ ይዛ የቆመችው ልጅም ለሁልጊዜ ልጅ ሆና አትቀርም። ሥራ አለኝ፥ ሌላ ጊዜ ነይ ብለን የመለስናት እንደ ሆነ በሚመጣው ዓመት ቁመቷ ጨምሮ፥ አበባ ማዞሩን ለታናሿ ትታ እናገኛታለን። ስለዚህ በሩ ሲንኳኳ ተነሥተን እንክፈት።